ወንበር ፍለጋ ከኮምቦልቻ እስከ ቂርቆስ

የመጀመሪያው ቀን

ሚሌኒየሙ ሊከበር ሰባት ወር ያህል ሲቀረው፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ሀያትን ይዤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ሄድኩ። የሄድነው ተሽከርካሪ ወንበር ልንመርጥላት ነው። ሀያት ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዙላትም። ቤት ውስጥ በእጆቿ እየተሳበች የምትፈልግበት ትደርሳለች። ከቤት ውጪ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አትወጣም ነበር። የማናወጣት እኛ ነን፤ በተለይ እኔ።

ወሬውን የነገሩኝ ካዛንቺስ የሚኖሩት የእናቴ እህት ዘይነብ ናቸው። ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ እያበሰሉ ነው የሚተዳደሩት። ቂርቆስ አካባቢ ለልጆች በልካቸው የተስተካከለ ወንበር የሚሰጥ ቦታ እንዳለ ከአንዲት ደንበኛቸው ሰምተው ደወሉልኝ። እኔ ያሰብኩት ልኳን በክር ለክቼ ብቻዬን ልሄድ ነበር። ባለቤቴ ፋጡማ ክሩን እጄ ላይ አየችና፣ "የሚቀመጠው ክሩ ነው እንዴ? ይዘሃት ሂድ" አለችኝ።

አውቶቡሱ የሚነሣው ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ጎረቤት ሳይነቃ መውጣት ስለፈለግሁ ቀደም ብዬ ተነሣሁ። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ አቀፍኳት፤ ታማ ሐኪም ቤት የምትሄድ እንድትመስል ፊቷን ጭምር ሸፈንኩት። "አባ፣ አፈነኝ" ስትለኝ፣ "ታገሺ፣ ብርድ ነው" አልኳት። ብርድስ ነበር። የሸፈንኳት ግን ለብርዱ አልነበረም።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገባችን አንዲት አሮጊት ተቀመጡ። አዲስ አበባ ያለ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ፣ አንድ ዘንቢል ዳቦ የያዙ ሴትዮ ናቸው። ገና ከተማውን ሳንወጣ፣ "ልጅህ ናት?" አሉኝ።

"የወንድሜ ልጅ ናት። ትንሽ አሟት ነው" አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አሮጊቷን አላውቃቸውም፤ ዳግመኛም አላያቸውም። ሀያት ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ የከሚሴን መንገድ ታይ ነበር። መስማቷን አውቃለሁ፤ ግን ዞር አላለችም።

ሸዋ ሮቢት ለምሳ ቆምን። ሙቀቱ ከኛ ኮምቦልቻ በብዙ ይብሳል። ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ሀያትን ተሸክሞ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ማለፍ ከበደኝ። "ምግብ ይዤልሽ እመጣለሁ" ብያት ብቻዬን ወረድኩ። በፍጥነት በላሁ። ዳቦና ሥጋ በወረቀት አስጠቅልዬ ስመለስ ወንበሯ ባዶ ነው። የጠቀለልኩባት ጋቢ ብቻ ቀርቷል።

ወርጄ ስሮጥ ከምግብ ቤቱ ጀርባ አሮጊቷና አንዲት ሌላ ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ልጄን እጃቸው ላይ አስቀምጠው ሲመጡ አየሁ። ፊቷ ታጥቧል። አፏ ዳር የወጥ ምልክት አለ።

"ሽንቷን ይዛ ስታለቅስ ነበር" አሉ አሮጊቷ። "ከጠዋት ጀምራ ይዛዋለች።"

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት ሀያትን።

አሮጊቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አባቷ መሆንህን ነግራኛለች" አሉኝ። በወረቀት የተጠቀለለውን ምግብ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሀያት ሳቀች። "ተራራውን ማነው የበሳው?" ብላ ጠየቀች፤ አሮጊቷ ስለ ጣሊያን መንገድ ሥራ ከአባታቸው የሰሙትን እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አወሩላት። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ያህል አውርቼላት አላውቅም። አውቶቡስ ተራ ስንለያይ ሴትዮዋ ሀያትን ጉንጮቿን አገላብጠው ሳሟትና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጅህን አደራ" አሉኝ። "ልጅህን" የሚለውን ጫን አድርገው ነው ያሉት።

ካዛንቺስ ከፊት ሲያዩት ትልልቅ ሆቴልና ቢሮ ነው። ከፎቆቹ ኋላ ሲገቡ ግን ቤቱ ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፎ የቆመ፣ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ሌላው ቤት "ይማርህ" የሚባልበት ሰፈር ነው። እኛ ዘንድ በያንዳንዱ ግቢ ቢያንስ አንድ ዘይቱን አለ፤ እዚህ ዛፍ የሚተከልበት ቀርቶ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ በተራ ነው። የአክስቴ ቤት በጠባብ መተላለፊያ፣ የተሰባበሩ የድንጋይ ደረጃዎች ወርደው ነው የሚደርሱበት። ሀያትን አዝዬ በጥንቃቄ ወረድኩ።

አክስቴ ዘይነብ እኔን ከመሳማቸው በፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉና ከሀያት ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። "እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ እናት። ደከመሽ አይደል?" አሏት። ከምሳ የተረፈ ፓስታ አሙቀው በእንጀራ አቀረቡልን። ጎረቤት ለሰላምታ ብቅ ባለ ቁጥር፣ "የይማም ልጅ ናት! የኔ የልጅ ልጅ ማለት ናት!" እያሉ ጮክ ብለው ያስተዋውቋታል። በየጊዜው ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ልለምናቸው ይቃጣኝ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

በማግስቱ አክስቴ በቀጥታ ቂርቆስ እንድንሄድ ነገሩን። እኔ ግን ቦሌ መንገድ ላይ፣ ደምበል አካባቢ፣ የሕክምና ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ እንዳለ ሰምቼ ነበር። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ወንበር እንድትይዝ ፈለግሁ። ሰው ካየን አይቀር በዚያ ይየን አልኩ።

ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ በመስኮት ስታይ፣ በለሆሳስ የምታንበለብለውን ነገር ሰማሁ። "ፀጉር ቤት... ፎቶ ኮፒ... የጥርስ ሕክምና..." አለችና ወደ እኔ ዞረች። "አባ፣ 'ከነሙሉ ዕቃው የሚከራይ' ማለት ምን ማለት ነው?"

የማስተምረው ሦስተኛ ክፍል ነው። ከስልሳ ተማሪዎቼ መካከል ግማሾቹ እንዲህ አያነቡም።

"ማነው ማንበብ ያስተማረሽ?"

"አንተ።"

"እኔ መቼ?"

"ደብተር ስታርም ጮክ ብለህ ታነባለህ እኮ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እሰማሃለሁ። ስትወጣ ደግሞ ደብተሮቹን አያቸዋለሁ። የዘሪሁን ጽሕፈት ያምራል። የከድጃ አይነበብም።" ትንሽ አሰበችና፣ "ዘሪሁን ምን ይመስላል?" አለችኝ።

ስለ ዘሪሁን መልክ የነገርኳትን አላስታውስም። የማስታውሰው ፊቴ መጋሉን፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀኝም ደጋግሞ እስኪጠራኝ ድረስ አለመስማቴን ነው።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ወንበር በእርግጥ ያብረቀርቃል። ሀያትን አስቀመጥኳት። ወንበሩ ዋጣት፤ እግሯ ተንጠለጠለ፣ እጇ ጎማው ጋ ለመድረስ ተንጠራርቶ ቀረ። "አባ፣ አይደርስልኝም" አለች።

"ያድግልሻል። እስከዚያ እኔ እገፋሻለሁ።"

ሱቁን የያዘው በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሲያየን ቆይቶ ከጠረጴዛው ኋላ ወጣ። "ወንድሜ፣ መሸጡ ለኔ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ከክፍል ወደ ክፍል የሚወሰድበት ነው። ልጅቷ በሽተኛ ናት?" አለኝ።

"አይደለሁም" አለች ሀያት፣ እኔ ሳልመልስ።

ሰውየው ሳቀና የቂርቆሱን ቦታ በየት በኩል እንደምንሄድ በር ድረስ ሸኝቶ አሳየን። አክስቴ የነገሩኝ ያው ቦታ ነው።

ቦታው በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ሆኖ ከውስጥ የብየዳ ድምፅ ይሰማል። ጥላ ሥር ረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ልጆቻቸውን የታቀፉና ያስደገፉ ወላጆች ተደርድረዋል። ስለ ልጆቻቸው ያወሩ ነበር፤ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሽንት፣ ስለ ጀርባ ቁስል፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ገበያ ላይ ስለ ሽንኩርት እንደሚወራ ሁሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። አንዲት እናት "የእርስዎስ ምን ሆና ነው?" ብትለኝ ብየዳውን እንደሚያይ ሰው ዞር አልኩ።

የምትለካን ባለሙያ ትዕግስት ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ራሷም በአንድ ክራንች የምትሄድ ሴት ናት። ቅጽ አውጥታ፣ "ስምሽ ማነው?" አለች ሀያትን።

"ሀያት ይማም" አልኩ እኔ።

"ዕድሜሽስ?"

"ዘጠኝ" አልኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይቅርታ ጋሼ፣ ልጅቷ ትናገራለች አይደል?"

ሀያት ሳቋን ለማፈን አፏን ያዘች። ከዚያ በኋላ እሷው መለሰች። ቤት ውስጥ የት የት እንደምትሄድ፣ ምን ለብቻዋ መሥራት እንደምትችል፣ ምን እንደሚያስቸግራት፤ እኔ የማላውቀውን ነገር ሁሉ። ለምሳሌ ውሃ ለመጠጣት ስለምትቸገር እኛ እስክንመለስ እንደምትጠብቅ አላውቅም ነበር።

"ትምህርት ቤቱ ይርቃል? መንገዱ አስፋልት ነው ኮረኮንች?" ትዕግስት ይህን የጠየቀችው ወደ እኔ እያየች ነው።

"ቅርብ ነው። ኮረኮንች ነው።"

"ስንተኛ ክፍል ናት?"

"ሦስተኛ" አልኩ።

ሀያት ተገርማ አየችኝ። "እኔ አልማርም" አለቻት። "አባ ነው ሦስተኛ ክፍል የሚያስተምረው።"

የብየዳው ድምፅ በዚያች ቅጽበት እንኳ ቢቀጥል ምን ነበረበት። አቆመ። ትዕግስት ቀና ብላ አላየችኝም፤ ይህን ደግነቷን አልረሳውም። የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘችና፣ "እሺ ሀያት፣ ትምህርት ቤት ስትገቢ መንገዱ ኮረኮንች ነው ማለት ነው። እንግዲያው የፊት ጎማው ወፍራም ይሁን" አለች። "ብትገቢ" አላለችም።

ሦስት ወንበሮች ተደረደሩ። አንደኛው ባለሦስት ጎማ፣ በእጅ የሚዘወር ነው፤ ለረጅም መንገድ ጥሩ ቢሆንም በቤት በር አይገባም። ሁለተኛው ባለ ረጅም መደገፊያ፣ ጎንና ጎኑ ድፍን ነው። ሦስተኛው አረንጓዴ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተፋቀ፣ መደገፊያው ዝቅ ያለ ትንሽ ወንበር ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ።

"ይሄ ይሻላል። ጎኑ እግሯን ይሸፍንላታል" አልኩ።

"እግሯን ለምን እንሸፍነዋለን?" አለች ትዕግስት።

ብርድ ልል ነበር። ጥር ነው፤ ግን ፀሐዩ ግቢውን ሞልቶታል።

"እሺ፣ አንቺስ ሀያት?"

ሀያት አረንጓዴውን አሳየች። ለምን ስትባል፣ "ከእሱ ላይ መውረድ እችላለሁ" አለች። እኔ የማስበው እንዴት እንደምትቀመጥበት ነው፤ እሷ ያሰበችው ወርዳ ወደምትሄድበት ነው። ትዕግስት ወገቧን፣ ጭኗን፣ ባቷን በሜትር ለካች። የእግር ማሳረፊያው ከፍ እንዲል፣ ቁስል እንዳያወጣባት ወፍራም የመቀመጫ ትራስ እንዲሠራላት አዘዘችና ነገ ኑ አለችን።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ወንበሩ ተስተካክሎ ጠበቀን። ትዕግስት ግን ይዛችሁ ሂዱ አላለችም። በመጀመሪያ መውጣትና መውረድ፣ ቀጥሎ መዞር፣ ከዚያም መውደቅ አስተማረቻት። አዎ፣ መውደቅ። ሀያት ወደ ኋላ ተገልብጣ ፍራሹ ላይ ስትወድቅ ሮጥኩ፤ ትዕግስት ክራንቿን ዘርግታ አስቆመችኝ። "ተዋት፣ መምህር። እርስዎ በሌሉበት ነው የምትወድቀው።" ሀያት ለብቻዋ ተነሥታ ወንበሩ ላይ እስክትመለስ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። አንዴ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ስትጨርስ ግን አግዳሚው ላይ ያሉት ወላጆች አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ግን የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

ስንወጣ ሜክሲኮን እንያት አለች። የታክሲ ረዳቶች "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ሲሉ ሰምታ፣ "ሌላ አገር አይደለም እንዴ?" እያለች ስትጠይቀኝ ነበር። ቅርብ ስለሆነ ሄድን። የኮምቦልቻ መንገድ አቧራ ነው፤ የዚህ ደግሞ የእግረኛ መንገዱ ጡብ የወለቀ፣ የቦይ ክዳኑ የተነሣ ነው። ግማሹን እሷ ነዳች፣ ግማሹን እኔ ገፋሁ።

አደባባዩ ዳር ካልሲና መሀረብ ከሚሸጡት አጠገብ ቆመን መኪናውን ስናይ፣ ክራቫት ያሰረ ሰው አለፍ ሲል ከኪሱ ሳንቲም አወጣና የሀያት ጭን ላይ ጣለ። እኔ አጠገቧ ቆሜአለሁ። ሀያት ሳንቲሙን አነሣችና አገላብጣ አየችው። ከዚያ ጎማዋን አሽከርክራ ተከተለችው።

"ጋሼ! ጋሼ! ገንዘብዎ ወደቀ!"

ሰውየው ዞሮ እጇን ዘርግታ አያት። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቀጥሎ አንገቱ ድረስ ቀላ። "አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ" አለና ሳንቲሙን ተቀብሎ ቸኩሎ ሄደ። ካልሲ ሻጯ ሴት፣ "እሰይ! የማን ጨዋ ናት?" አለች።

"የኔ ናት" አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ቢሆንም አልኩት።

ካዛንቺስ በታክሲ ተመለስን። መንገድ ላይ ያሳሰበኝ ያ የድንጋይ ደረጃ ነበር። መተላለፊያው አፍ ላይ ስንደርስ ግን ደረጃው የለም፤ ሰፊ ጣውላ ተጋድሞበታል። ጠጋ ብዬ ሳየው ማጠፊያው ሳይነቀል የቀረ፣ ጥቀርሻ የጠጣ በር ነው። አክስቴ የማድቤታቸውን በር ነቅለው፣ እሳቸው ዘንድ ምሳ የሚበሉ ሁለት ግንበኞችን ለምነው ከሥሩ ድንጋይ አስደግፈውታል።

"ነገ ልንሄድ እኮ ነው፤ ለአንድ አዳር ብለው?" አልኳቸው።

"አንድ አዳርስ በሰው ጀርባ ለምን ትግባ?" አሉ።

ልጄ በማድቤት በር ላይ ተንሸራታ ገባች። የሰፈሩ ልጆች እንደገና፣ እንደገና እያሉ እስኪመሽ አወጧት፣ አወረዷት። አክስቴ በር በሌለው ማድቤት ነፋስ እየመታቸው ራት ሠሩልን። እኔ ለዘጠኝ ዓመት በራሴ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ጣውላ አላስቀመጥኩም።

አራተኛው ቀን

በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወንበሩ ከፍራሽና ከጄሪካን ጋር ታሰረ። እኔ በየፌርማታው እየወረድኩ ገመዱን አያለሁ። ለምሳ ስንቆም ሀያትን አዝዬ በሰው መሀል አልፌ አስቀመጥኳት፤ መፀዳጃውንም አንዲት ሴት ለምኜ አገዘችኝ። ሰዎች አዩን። ከዚያ ወደ ሽሯቸው ተመለሱ። ስፈራው የኖርኩት ይህን ነበር።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይ ገና ነበረች፤ ገበያው ሲበተን። "ቤት እስክንደርስ ልዘልሽ" አልኳት። ልማድ ነው፤ አፌ ቀድሞኝ። ሀያት ወንበሩ እስኪወርድ ጠበቀች፤ ተቀመጠችና ዋናውን መንገድ ይዛ ሄደች። ሰው ቆሞ አያት። ባለሱቆቹ ብቅ አሉ። እኔ ሻንጣውን ተሸክሜ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኩ። ሻንጣው ከብዶኝ ነው ብል ውሸት ነው። አጠገቧ ለመሄድ የደፈርኩት መስጊዱን ካለፍን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ

በሳምንቱ ትምህርት ቤቴ አስመዘገብኳት። ስምንት ዓመት አብሮኝ ሻይ የጠጣ የሥራ ባልደረባዬ፣ "ይማም፣ እንዲህ ያለች ልጅ አለችህ እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት። አንደኛ ክፍል አስገቧት፤ በወሩ ማንበቧን አይተው ሁለተኛ ክፍል አዛወሯት።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ የምትኖር ሴት መጣች። ሁለት ልጆቿን አስተምሬአለሁ። በሩ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየችና፣ "መምህር፣ ያ ቦታ የት ነው?" አለችኝ።

"ለማን ነው?"

"ለትልቁ ልጄ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።"

ትልቅ ልጅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ማንም አያውቅም። ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም፤ እኔም እሷን ማየት አቃተኝ። ሀፍረቷን ከእግር እስከ ራሱ አውቀዋለሁ። አድራሻ ልጽፍላት ወረቀት ፍለጋ ገባሁ። ብዙ ነገር ልነግራት ፈለግሁ፤ ወረቀቱ አልበቃኝም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ያን ቀን ሳልጽፍላት ስለቀረው ነው።

ስመለስ ሀያት ከሴትዮዋ ጋር ታወራ ነበር።

"ስሙ ማነው?"

ሴትዮዋ ስሙን ሰው ከጠየቃት ብዙ ዘመን የሆናት ትመስላለች። "አብዱ" አለች በመጨረሻ።

"ማንበብ ይችላል?"

"አይ፣ የኔ ልጅ።"

ሀያት ደብተሯን ጭኗ ላይ አደረገችና ወንበሯን ወደ መንገዱ አዞረች። "እንሂድ፣ አሳዪኝ" አለቻት።

ገና ቀን ነበር፤ መንገዱ ላይ ሰው ይመላለሳል። ሴትዮዋ መንገዱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ከሀያት ጎን ሆና ሄደች።